የካስቴልኑዎቮን ሕይወት ለሂሳብ ክበብ እንዴት እናቅርብ?

ጅማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ፤ የሂሳብ ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። ክበባችን አልፎ አልፎ የአንድ የሂሳብ ሊቅ ሕይወት ያቀርባል። ብዙ ጊዜ ተማሪው ይዞት የሚመጣው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ዓመት ተወለደ፣ እዚህ ተማረ፣ ይህን ሽልማት አገኘ፣ በዚህ ዓመት አረፈ። ይጨበጨባል፣ በቃ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ምን ሲያስብ እንደኖረ ማንም አያነሳም።

ይኼ ነገር ያንገበግበኛል። ሂሳቡን አውጥተን የምንተርከው የሂሳብ ሊቅ ታሪክ የማንም ሰው ታሪክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ልውሰድና ሕይወቱንና ሥራውን ሳንነጣጥል ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ልጆች እንዴት እንደምናቀርብ ላሳያችሁ። ሰውየው ጊዶ ካስቴልኑዎቮ ይባላል። ጣሊያናዊ ነው። መስኩ አልጀብራዊ ጂኦሜትሪ ነው፤ በእኩልታ የሚገለጹ ኩርባዎችን፣ ገጾችን (ለምሳሌ የኳስ ላይኛ ቆዳ) እና ከዚያ በላይ ያሉ ቅርጾችን የሚያጠና ዘርፍ።

ስሙ ሲሰማ ያስፈራል። አይፍራችሁ፤ መግቢያው አንድ ክብና አንድ ማስመሪያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት ከሰዓት ያዙለት። አንዱ ለክፍል፣ አንዱ ለእግር ጉዞ። ሐሙስ ይመቻል። ዓርብ የጁምዓ ሰላት ስላለ ብዙ ልጅ ይጎድልባችኋል። ፕሮጀክተር ላይ አትመኩ፤ መብራት ሲሄድ ዝግጅታችሁም አብሮ ይሄዳል። ፍሊፕ ቻርት፣ ማርከር፣ ቀይ ጠመኔ፣ የሰሌዳ ማስመሪያ፣ የጁስ መጠጫ ስትሮውና አንድ ጥቅል ክር ይበቃችኋል።

ልጆቹ ግማሾቹ ቤታቸው የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። በቡድን ሲሠሩ በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገሩ። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ቀመር እንደሆነ ለሁሉም አንድ ነው።

የዘመን ሠንጠረዡ

ፍሊፕ ቻርቱን ለሁለት ክፈሉት። በግራ የእሱን ሕይወት፣ በቀኝ የእኛን አገር ጻፉ። የአውሮፓ ዓመት ብቻውን ለልጆቹ ምንም አይላቸውም። ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ይያያዛል። ከታች የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው። ወደ እኛ ለመመለስ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ከሆነ 8፣ ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር ከሆነ 7 ቀንሱ። ይህን ልጆቹ ይሥሩት፤ እናንተ አትሥሩላቸው።

ካስቴልኑዎቮ ኦገስት 14 ቀን 1865 ቬኒስ ተወለደ። አባቱ ኤንሪኮ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበሩ። በቀኝ በኩል አፄ ቴዎድሮስን ጻፉ፤ ገና ሥልጣን ላይ ናቸው። በ1878 ዳግማዊ አባ ጅፋር የጅማን ዙፋን ሲይዙ እሱ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ጅሬን ያለውን ቤተ መንግሥት ያላየ ተማሪ የለንም፤ ይቺ መስመር ዓይናቸውን ትከፍታለች። በ1886 ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። መምህሩ ጁዜፔ ቬሮኔዜ ነበር። ቀጥሎ ቶሪኖ ሄዶ በረዳትነት ሠራ፤ እዚያ ከኮራዶ ሴግሬ ጋር ተዋወቀ፣ ጂኦሜትሪው የበሰለውም እዚያ ነው። በ1891 ሮም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ገና በ26 ዓመቱ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም።

1896ን በትልቁ ጻፏት። በቀኝ ዓድዋ አለ። በግራ ሁለት ነገር አለ፤ ኤልቢና ኤንሪኬስን አገባ፣ በስሙ የሚጠራውን ትልቁን የገጾች መስፈርትም አወጣ። በ1935 ጡረታ ሲወጣ በቀኝ በኩል ወረራው ይጀምራል። መጨረሻው 1952 ነው፤ ኤፕሪል 27 ሮም ውስጥ አረፈ። በቀኝ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የግብርና ኮሌጅ የተመሠረተበት ዓመት ይገባል።

"ጣሊያን ነው እንዴ?"

ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ልጆቹ ፈረንጅ አራዳ ያሉትን የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች እያዩ ነው ትምህርት ቤት የሚመጡት። አያቶቻቸው ስለ ወረራው ነግረዋቸዋል። አትሸሹት፤ እንዲያውም ፊት ለፊት አምጡት።

እኔ እንዲህ ነው የምነግራቸው። አገራችንን የወረረው የሙሶሊኒ ፋሺስት መንግሥት ነው። ይኸው መንግሥት በ1937 ጣሊያኖች በቅኝ ግዛቶቹ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ በሕግ ከለከለ። በዓመቱ፣ በ1938፣ የዘር ሕጉን በራሱ ዜጎች ላይ አዞረው። አይሁዳውያን ጣሊያናውያን ከትምህርት ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከመንግሥት ሥራ ተባረሩ። ካስቴልኑዎቮ አይሁዳዊ ነበር፤ ያኔ 73 ዓመቱ ነው። ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቀሪውን ለኋላ አቆዩትና ወደ ሂሳቡ ግቡ።

ክቡና ማስመሪያው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከጠቅላላው ጊዜ ግማሹን ብትሰጡት አይበዛም።

ሰሌዳው ላይ ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ሥሩ፤ መሃሉ የአክሲሶቹ መገናኛ ላይ ይሁን። አግድሙን ሀ፣ ሽቅቡን ለ በሉት። የክቡ እኩልታ ሀ² + ለ² = 1 ነው፤ ይህን ያውቁታል። አሁን በግራ ጫፍ ያለችውን ነጥብ፣ (−1፣ 0)ን፣ በቀይ ጠመኔ ምልክት አድርጉባት። አንድ ልጅ ጥሩና ማስመሪያውን እዚያች ነጥብ ላይ ይዞ ቀስ እያለ ያዘንብለው። ማስመሪያው ባዘነበለ ቁጥር ክቡን ሌላ አንድ ቦታ ይቆርጠዋል። ስሎፑ ሲለወጥ የተቆረጠችው ነጥብ ክቡን ተከትላ ትሄዳለች።

ስሎፑን መ በሉት። የመስመሩ እኩልታ ለ = መ(ሀ + 1) ይሆናል። ይህን ክቡ እኩልታ ውስጥ ይተኩትና ሀን ይፈልጉ። ሳትነግሯቸው ይታገሉ። ሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ ስለሆነ ብዙዎቹ ወደ ኳድራቲክ ፎርሙላ ይሮጣሉ። አያስፈልግም። አንዱ መልስ ቀይዋ ነጥብ ናት፤ ስለዚህ (ሀ + 1) ማካፈያ ሆኖ ይወጣል። እሱን ሲያወጡት የሚቀረው አንደኛ ዲግሪ ነው፤ መልሱም ይኸው፦

ሀ = (1 − መ²) ÷ (1 + መ²)
ለ = 2መ ÷ (1 + መ²)

ሥር የሚባል ነገር የለም፤ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ። አሁን መ = 1/2 ስጧቸው። 3/5 እና 4/5 ያገኛሉ። መ = 2/3 ስጧቸው፤ 5/13 እና 12/13። 3፣ 4፣ 5ን እና 5፣ 12፣ 13ን የፓይታጎረስ ትምህርት ላይ የሸመደደ ልጅ ሁሉ ድንገት ይነቃል። "እንዴ!" የሚለው ድምፅ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። ለዓመታት እንደ ተአምር የያዟቸው ቁጥሮች ከአንዲት ማስመሪያ ሲወጡ ያያሉ።

ይህን በእጃቸው ከሠሩ በኋላ ሐሳቡን ተናገሩ። ክቡን ሙሉውን፣ ከቀይዋ ነጥብ በስተቀር፣ አንድ ቁጥር ብቻ እየቀያየርን በክፍልፋይ ቀመር ዞርነው። እንዲህ የሚሆን ኩርባ ራሽናል ኩርባ ይባላል። ሁሉም ኩርባ እንዲህ እሺ አይልም፤ የትም ሹል ወይም መስቀለኛ ነጥብ የሌለው ሦስተኛ ዲግሪ ኩርባ እምቢ ይላል።

የካስቴልኑዎቮ ጥያቄ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ኩርባ ሳይሆን ገጽ ቢሰጠን፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ቁጥር እየቀያየርን ነጥቦቹን ማግኘት እንደምንችል በምን እናውቃለን? እንዲህ የሚሆን ገጽ ራሽናል ገጽ ይባላል። ለ12ኛ ክፍሎች ቁጥሮቹ ውስብስብ ቁጥሮች እንደሆኑ ጨምሩላቸው።

ሁለት መልሶቹን ንገሯቸው። አንደኛው የ1893 ነው። ቀመር አለን እንበል፤ ግን ያው ነጥብ ከተለያዩ የቁጥር ጥንዶች ደጋግሞ ይወጣል። ድግግሞሹን ማስቀረት ይቻላል? ጀርመናዊው ሊውሮት ለኩርባ እንደሚቻል ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። ካስቴልኑዎቮ ለገጽም እንደሚቻል አረጋገጠ። ከዚያ በላይ ሦስት ቁጥር ሲሆንስ? እዚያ አይሠራም፤ ይህ የታወቀው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ከ75 ዓመት በላይ ቆይቶ። ይቺን ስነግራቸው "እስከዚያ ማንም አላወቀም?" የሚል ልጅ አይጠፋም። በሂሳብ ውስጥ ያልታወቀ ነገር እንዳለ መስማት ራሱ ለብዙዎቹ አዲስ ነው።

ሁለተኛው መልስ የ1896ቱ ነው። እሱን ለማስረዳት ግን አማቹን ማምጣት አለብን።

የእግር ጉዞው

በ1892 ፌዴሪጎ ኤንሪኬስ የሚባል የ21 ዓመት ልጅ ሮም መጣ። ከፒዛ ገና መመረቁ ነው። ካስቴልኑዎቮ 27 ዓመቱ ነበር። ኤልቢና የኤንሪኬስ እህት ናት፤ ስለዚህ ሁለቱ ከጊዜ በኋላ አማቾች ሆኑ። ካስቴልኑዎቮ ራሱ በኋላ እንዳስታወሰው፣ ኤንሪኬስ መጽሐፍ ይዞ የሚያነብ ዓይነት ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ትቶ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ነበር የሚያየው። ስለዚህ ካስቴልኑዎቮ ወረቀቱን ተወና በንግግር ያዘው። የሮምን ጎዳናዎች እየዞሩ ስለ ገጾች ያወሩ ነበር። ኤንሪኬስ በ1894 ቦሎኛ ማስተማር ሲጀምር ወሬው በደብዳቤ ቀጠለ፤ ከ600 በላይ የሚሆኑ የኤንሪኬስ ደብዳቤዎችና ካርዶች ዛሬ ታትመው ይገኛሉ።

ይህን ለልጆቹ አታውሩላቸው፤ አስደርጓቸው። ሁለተኛው ሐሙስ ለዚህ ነው። ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው። አንዱ አንባቢ፣ ሌላው ተናጋሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ደብተር አይያዝም፣ ስልክም አይወጣም። እኛ ከትምህርት ቤቱ ተነስተን በአዌቱ ድልድይ በኩል ወደ ሂርማታ እንወርድና እንመለሳለን። ገበያ ቀን ከሆነ ሌላ መንገድ ምረጡ፤ በባጃጅ ጡሩምባ መሃል ማሰብ አይቻልም። ጃንጥላ ይያዙ፤ የጅማ ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም።

የሚያወሩበትን ጥያቄ ስትወጡ በር ላይ ስጧቸው። እኔ የምሰጠው ይህን ነው፦ ሀ² + ለ² = 3 በሚለው ክብ ላይ ሁለቱም ክፍልፋይ የሆኑ ሀና ለ አሉ ወይ?

የለም፤ ግን አትንገሯቸው። መጀመሪያ እየገመቱ ይሞክራሉ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መበሳጨት ይጀምራሉ። ያኔ አንድ ፍንጭ ጣል አድርጉ፦ የሙሉ ቁጥር ካሬ ለ3 ሲካፈል ምን ይተርፋል? ዜሮ ወይም 1 ብቻ ነው። ክፍልፋዮቹን በጋራ ታህት ጽፎ ወደ ሙሉ ቁጥር ለለወጠ ልጅ ይኼ ይበቃዋል። የሁለት ካሬዎች ድምር ለ3 የሚካፈለው ሁለቱም ለ3 ሲካፈሉ ብቻ ነው። ያኔ ታህቱም ለ3 ይካፈላል። እንግዲህ ሁሉንም በ3 አቃልሉት፤ አሁንም ያው ይደገማል፣ መቆሚያ የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሉም።

ሲመለሱ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ አሳዩአቸው። የመጀመሪያው ክብ የተሳካው ማስመሪያውን የምናቆምባት አንዲት ነጥብ በእጃችን ስለነበረች ነው። እዚህኛው ክብ ላይ መቆሚያ የለም።

ስድስቱ ጠርዞች

አሁን ስትሮዎቹን አውጡ። ስድስት እኩል ስትሮ፣ መሃላቸው ክር ገብቶ፣ ተያይዘው ቴትራሄድሮን ይሁኑ፤ አራት ፊት፣ ስድስት ጠርዝ። እያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ይሥራ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ገጽ ራሽናል ከሆነ ሁለት ቁጥሮቹ ዜሮ እንደሚሆኑ ይታወቅ ነበር። ቁጥሮቹን በስማቸው መጥራት አያስፈልግም፤ የገጹን ባሕርይ የሚለኩ ናቸው በሏቸው። ካስቴልኑዎቮ ተቃራኒውን ጠየቀ፦ ሁለቱ ዜሮ ከሆኑ ገጹ ራሽናል ነው ማለት ነው? ደስ የሚል ግምት ነበር። ኤንሪኬስ አንድ ገጽ ይዞ መጣና አፈረሰው። ስድስተኛ ዲግሪ እኩልታ ያለው፣ የአንድን ቴትራሄድሮን ስድስት ጠርዞች እያንዳንዳቸውን ሁለት ጊዜ የሚያልፍ ገጽ። ቁጥሮቹ ሁለቱም ዜሮ ናቸው፤ ገጹ ግን ራሽናል አይደለም። ዛሬ የኤንሪኬስ ገጽ ይባላል።

ካስቴልኑዎቮ ተስፋ አልቆረጠም። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ይበልጥ ጠንካራ በሆነ ሌላ ቁጥር ተካው። አሁን ሁለቱ ዜሮ ከሆኑ ገጹ ያለ ጥርጥር ራሽናል ነው። የ1896ቱ መስፈርት ይህ ነው። ተማሪው ኦስካር ዛሪስኪ በ1958 ይህንኑ መስፈርት ከውስብስብ ቁጥሮች ውጭ ላሉ የቁጥር ዓለሞችም አረጋግጦታል።

ቴትራሄድሮኑን እያዞሩ ስድስቱን ጠርዞች በጣታቸው ይቁጠሩ። ገጹን መሣል አይጠበቅባቸውም። ካስቴልኑዎቮም በ1928 ቦሎኛ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ጉባኤ ላይ ሲናገር፣ እሱና ኤንሪኬስ የሠሯቸው ሞዴሎች በሐሳብ ብቻ እንደነበሩ አንስቷል። በሐሳባቸው ሁለት ቁም ሣጥን ነበራቸው። በአንዱ ሁሉ ነገር የተስተካከለላቸው ገጾች፣ በሌላው የሚያስቸግሩት። የሚያስቸግሩትን አንድ በአንድ እያዩ ነው የገጾችን ምደባ ደረጃ በደረጃ የገነቡት።

ከ1938 በኋላ

አሁን ያቆያችሁትን ጨርሱ። ይህን ክፍል አታስረዝሙት፤ ያለ ማጋነን ንገሯቸው፣ ይበቃል።

የአይሁድ ልጆች ዩኒቨርሲቲ መግባት ሲከለከሉ ካስቴልኑዎቮ ከ1941 ጀምሮ ሮም ውስጥ በድብቅ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ አደራጀላቸው። ስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ ካለ ተቋም ጋር ተያይዞ ስለነበር ትምህርቱ ከንቱ አልቀረም፤ ከጦርነቱ በኋላ ታሰበላቸው። ጀርመኖች በ1943 ሮምን ሲይዙ ኮርሱ ቆመ፤ እሱም ተደበቀ። ሮም በጁን 1944 ነፃ ስትወጣ ወደ ሰማንያ ተጠግቶ ወደ ሥራ ተመለሰ። የጣሊያንን ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እንደገና እንዲያቋቁም ኃላፊነት ተሰጠው። በ1946 የጣሊያን ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የሆነው የሊንቼይ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1949 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ኤይናውዲ የዕድሜ ልክ ሴናተር አድርገው ሾሙት። የሮም ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ዲፓርትመንት ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሹመቱን በፍጥነት እለፉት። ልጆቹ ጥያቄ የሚያበዙት ድብቁ ኮርስ ላይ ነው። "መምህር፣ ቢያዙስ?" ይላሉ። ይናገሩ፤ እናንተ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

ማብቂያው፦ የኤማ ክር

ሴት ተማሪዎቼ "ሴት የለችም እንዴ?" ይሉኛል። አለች። የካስቴልኑዎቮ ልጅ ኤማ በዲሴምበር 1913 ተወለደች፣ በኤፕሪል 2014 በ100 ዓመቷ አረፈች። ሂሳብ ተምራ በ1938 የመምህርነት ውድድሩን ብታልፍም በዘር ሕጉ ምክንያት ሥራውን ተከለከለች። የአይሁድ ልጆች ትምህርት ቤት አስተማረች። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት ኖረች። ጂኦሜትሪን በክር፣ በዘንግና በወረቀት ነበር የምታስተምረው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒጀር ድረስ ሄዳ አስተምራለች። ዛሬ በሂሳብ ትምህርት ላይ ለሠሩ ሰዎች የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማት በስሟ አለ።

የቀረውን ክር ቆራርጡና ጫፍና ጫፉን አስራችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ ስጡ። በሁለት እጅ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ወጥረው አራት ማዕዘን ያድርጉት። እጃቸውን ሲያራርቁ ጣቶቻቸው ይቀራረባሉ፤ እጃቸውን ሲያቀራርቡ ጣቶቻቸው ይራራቃሉ። ዙሪያው ተለወጠ? ስፋቱስ? በርከት ያሉ ልጆች ሁለቱም አልተለወጡም ብለው ይምላሉ። አትከራከሯቸው። ጣቶቻቸውን እስኪነካኩ ድረስ እንዲያጠጉ ንገሯቸውና ያው ጥያቄ ይደገም። ከዚያ የክሩን ርዝመት ይለኩ፣ አንዱን ጎን ሀ ብለው የስፋቱን ቀመር ይጻፉ፣ የሚበልጠው መቼ እንደሆነም ፈልገው ለሚቀጥለው ሐሙስ ያምጡ።